ብርሃን የስበት ንድፈ ሐሳቦችን እንዴት ይፈትናል? መምህር ይመልሳሉ

ሽምብጥ፦ መምህር እንደምን አመሹ? ብርሃን በስበት እንደሚጎብጥ በኒውተን ሕግም ይሰላል ይባላል። ታዲያ አንስታይን ምን ጨመረ?

መምህር፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እጥፉን ነው የጨመረው። የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን በኒውተን 0.87፣ በአንስታይን 1.75 የቅስት ሰከንድ (አንድ ዲግሪ 3600 የቅስት ሰከንድ ነው) ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ1919 ግርዶሽ በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚሏ ሶብራል ተለክቶ ወደ አንስታይን አደላ። ልብ በሉ፤ ቁጥር የማይሰጥ ንድፈ ሐሳብ አይፈተንም።

ጢስ አባይ፦ አንስታይን ተሳስቷል የሚል ቪዲዮ አየሁ። እውነት ነው?

መምህር፦ የቱ ቪዲዮ? ስንት ብሎ? ቁጥሩን ይዘህ ና።

ዘጌ፦ የስበትን ሕግ የሚቀይረው ሞንድስ? የጋላክሲዎችን እንቅስቃሴ ያለ ጨለማ ቁስ (የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ያስረዳል ይላሉ።

መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ። የፊዚክስ ሊቁ ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ሞንድ የጋላክሲ ዳር ኮከቦችን ፍጥነት ያስረዳል፤ ስለ ብርሃን መጉበጥ ግን ዝም ይላል። ያንን ክፍተት ለመሙላት ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ቤከንስታይን እ.ኤ.አ. በ2004 ሞንድን ከአንስታይን አንጻራዊነት ጋር የሚያስማማውን ቴቬስን አመጣ። በቴቬስ ብርሃንና የስበት ሞገድ (የኅዋ ንዝረት) በመንገዳቸው ባለው ስበት እኩል አይዘገዩም፤ ከሩቅ አብረው ቢነሱ ብዙ ቀናት ተለያይተው መድረስ ነበረባቸው። ኦገስት 17 ቀን 2017 የስበት ሞገድ መለኪያዎቹ ላይጎና ቪርጎ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦችን) ግጭት ሞገድ ያዙ። ፈርሚ ሳተላይት ጋማ ጨረሩን ያየው ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ነው። 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው 1.7 ሰከንድ! እሷም ብትሆን ጨረሩ ዘግይቶ በመነሳቱ ልትሆን ትችላለች። ቴቬስ በመጀመሪያ መልኩ ወደቀ፤ ጨለማ ኃይልን (የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት ያፋጥናል የሚባለውን) ለመተካት ከተጻፉት ንድፈ ሐሳቦችም ብዙዎቹ ተከተሉት። የሞንድ መነሻ ሐሳብ ግን በዚህ ብቻ አልሞተም፤ እንዳትቸኩሉ።

ጢስ አባይ፦ ስለዚህ አንስታይን አልተሳሳተም?

መምህር፦ መልሻለሁ። ከላይ አንብብ።

ቤዛዊት፦ በ2019 ዓ.ም. ሐምሌ 26 ግርዶሽ አለ። ከጣና ዳር ሆነን በብርሃን መጉበጥ የሚመጣውን የኮከቦች ቦታ መሸሽ መለካት እንችላለን?

መምህር፦ አይቻልም እህቴ። ሙሉ ግርዶሹ በግብጿ ሉክሶር ነው፣ ከ6 ደቂቃ በላይ። እኛ ጋ ከፊል ስለሆነ ከፀሐይ አጠገብ ኮከብ አይታይም። ደግሞ በባዶ ዓይን እንዳታዩ! የራጅ ፊልምም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወትም አይሆንም።

ዘጌ፦ በሐምሌ ደመና ምን ሊታይ?

ሽምብጥ፦ የ2012ቱስ ሰኔ 14 አልነበረም?

ዘጌ፦ እሱ ጠዋት ነበራ! ይሄ ከቀትር በኋላ ነው።

መምህር፦ የደመናውን ክርክር ለብቻችሁ ያዙት። የራጅ ፊልም አይሆንም ብያለሁ።

ግዮን፦ መምህር፣ እኔ የራሴ የስበት ንድፈ ሐሳብ አለኝ። ቢያዩልኝ?

መምህር፦ በፀሐይ ጠርዝ ስንት ይሰጣል? 1.75 ከሰጠ ወደ ሳተርን የተላከችው መንኮራኩር ወደ ካሲኒ ልኬት እለፍ። እ.ኤ.አ. በ2002 መንኮራኩሯ በፀሐይ አጠገብ የላከችው የሬዲዮ ሞገድ ተለክቶ፣ ከ100 ሺህ 2 ያህል በሆነ የስህተት ወሰን ከአንስታይን ጋር ገጥሟል። የሁለቱንም ስሌት ጽፈህ ላክልኝ፤ መስመር በመስመር አየዋለሁ።