የቆመ ሬአክተር ሙቀትና ያመለጡት ጋማዎች፦ ከድሬዳዋ ጥያቄና መልስ

የአቶም ስንጥቅ ውላጆች የቤታ መፈራረስ እንዴት እንደሚለካ ጠይቁኝ ብዬአችሁ ነበር። ከገንደ ቆሬ እስከ ከዚራ የደረሰኝን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቆመ ሬአክተር ለምን ይሞቃል?

መልስ፦ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወለዱት ኒውክለሶች ኒውትሮን የበዛባቸው ናቸው። እስኪረጋጉ ድረስ በቤታ መፈራረስ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ ይለቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ጋማ ጨረር ይከተላል። ይህን የሚያጠፋ ቁልፍ የለም። ሬአክተሩ በቆመበት ቅጽበት የሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ይቀራል። በ2011 ፉኩሺማ ላይ ነዳጁን ያቀለጠው ይኸው ነው፤ ሬአክተሮቹማ መሬት እንደተንቀጠቀጠ ቆመው ነበር።

ጥያቄ፦ እነዚህን ጋማዎች የሚለካ የጀርማኒየም መመርመሪያ እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ጀርማኒየም ተቀራራቢ ጋማዎችን አጥርቶ ይለያል፤ ከፍተኛ ኃይል ያላቸውን ግን አብዛኞቹን ያሳልፋቸዋል። መፈራረሱ የሚወለደውን ኒውክለስ ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ሲያመራው ኃይሉ በብዙ ደካማ ጋማዎች ተበታትኖ ይወርዳል። እነዚያ ሳይታዩ ከቀሩ ዝቅተኛው ደረጃ በቀጥታ ከቤታ የተሞላ ይመስላል። ስለዚህ የጋማው አማካይ ኃይል አንሶ፣ የቤታው በዝቶ ይመዘገባል፤ ከዚህ የሚሰላው የቆመ ሬአክተር ሙቀትም ይዛባል። የፊዚክስ ተመራማሪው ሃርዲና ባልደረቦቹ በ1977 ይህን በኮምፒውተር በፈጠሩት ምናባዊ ኒውክለስ አሳይተው «ፓንዴሞኒየም» አሉት። የመፈራረስ ልኬቶች ሠንጠረዥ በቁጥር ስለተሞላ ብቻ የሚያምን ሰው ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሙሉ መምጠጥ የሚባለው ዘዴ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ናሙናውን በትልልቅ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ከየአቅጣጫው ይከብበዋል። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ከመመዘን ጆንያውን እንዳለ ሚዛን ላይ እንደ ማውጣት ነው፤ የጋማዎቹ ድምር መፈራረሱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳረፈ ይናገራል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው መሣሪያ አንድ ቶን ገደማ ክሪስታል አለው። ያም ሆኖ ሁሉንም አይውጥም፤ የመሣሪያውን ምላሽ በኮምፒውተር አስመስሎ ከውጤቱ ወደ መነሻው መፍታት የግድ ነው። አድካሚው ሥራ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የለወጠው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በፊንላንድ ዩቫስኩላ በዚህ ዘዴ የተለኩት ከስንጥቅ የሚወለዱ የቴክኒሺየም ኒውክለሶች፣ በተለይ የክብደት ቁጥራቸው 104 እና 105 የሆኑት፣ ውጤታቸው በ2010 ሲታተም ሲሰነጠቅ በሚቆጠረው ሌላው ነዳጅ፣ በፕሉቶኒየም 239፣ የጋማ ሙቀት ስሌትና ልኬት መካከል የነበረው ክፍተት በእጅጉ ጠበበ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ እዚህ መሞከር እችላለሁ?

መልስ፦ በትንሹ ትችያለሽ፣ ልጄ። ፈቃድ ባለው ቤተ ሙከራ ጋማ የሚለቀውን ኮባልት 60 መሃሉ ጉድጓድ ባለው የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ውስጥ ብታስቀምጪ፣ በኃይል ግራፉ ላይ ከ1173ና ከ1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ) ጉብታዎች ሌላ 2505 ላይ ድምራቸውን ታያለሽ። የክሪስታሉን ብልጭታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ብርሃን አባዢ ቱቦ ግን በሙቀት ይዋዥቃል፤ እኛ ዘንድ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቆም ጉብታዎቹ ቦታቸውን ይለቃሉ። እናንተ ሐረሮች በዚህ ትበልጡናላችሁ።