«ቁርኣን ቀርቻለሁ፣ ዓረብኛው ይበቃኛል?»

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። ሪያድ በቤት ሠራተኝነት ልሄድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስለቀራሁ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አንቺማ ዓረብኛ ትችያለሽ» ይለኛል፣ እኔ ግን ፊደሉን አውቃለሁ እንጂ ማውራት አልችልም። ደላላው ደግሞ የትኬት ብር አምጪ እያለኝ ነው። ምን ልዘጋጅ ይላሉ?
ዘ. ከሐይቅ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህት ዓለም፣ አብሽሪ።

መጀመሪያ የብሩን ነገር ልጨርሰው። እንዳትሰጪው! በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢንሹራንሱም ወጪ የአሠሪው ነው። ያንቺ ፓስፖርቱ፣ የጤና ምርመራው፣ ክትባቱ፣ የልደት ሰርተፍኬቱና የሲኦሲው (የሙያ ብቃት ማረጋገጫው) ነው። ትኬት ክፈይ ካለሽ፣ ውልሽ በሥራና ክህሎት በኩል የጸደቀ መሆኑን ራስሽ ሄደሽ ሳታረጋግጪ የትም አትንቀሳቀሺ።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ፣ መቅራትሽ በጣም ይጠቅምሻል። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ታነቢያለሽ፣ ጆሮሽም ድምፁን ለምዶታል። ግን የኪታቡና የማድቤቱ ዓረብኛ አንድ አይደለም። ኪታብ ላይ «ማዛ» ያልሽው «ምን» ጂዳ ላይ «ኤሽ»፣ ሪያድ ላይ «ወይሽ» ነው። ይቺን «ኤሽ» ልብ በይልኝ። እኔ ጂዳ የገባሁ ሰሞን ማዳም ባዘዘችኝ ቁጥር «እሺ» እላለሁ፣ እሷ «ምን?» ያልኳት መስሏት ትደግምልኛለች፣ እኔም መልሼ «እሺ»፣ እንዲህ እንዲህ እያልን በመጨረሻ ጮኸችብኝ። ለምን እንደጮኸች እንኳን ሳላውቅ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። አንቺ «ሐዲር» ወይም «ጠይብ» በይ። የኛው የወሎ «አብሽሪ»ም እዚያ አለ፤ አንድ ነገር አድርጊልኝ ሲሉሽ «አብሽሪ» ብትያት «እሺ፣ ይደረግልሻል» ማለት ነውና ደስ ይላታል።

ከሁሉም ይበልጥ ግን «ማ ፍሂምት» ማለትን ተለማመጂ። አልገባኝም ማለት ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲያዝ አንገት ደፍቶ እሺ ማለት ነው ያደግንበት፣ አልገባኝም ማለት ድፍረት ይመስለናል። እዚያ ግን ሳይገባሽ ከሠራሽ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። ክሎሮክስ የሚሉትን በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ብትቀላቅዪው ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ይዘሽ ሄደሽ ጠይቂ፣ ብትቆጣም ትቆጣ።

ሐይቅም ደሴም ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት አታጪም። አንዷን ለምኚና በየቀኑ አንድ ሰዓት በዓረብኛ ብቻ ትዘዝሽ፦ ጂቢ (አምጪ)፣ ሩሒ (ሂጂ)፣ ሹፊ (እዪ)፣ ተላጃውን (ፍሪጁን) ክፈቺ፣ ገሳላው (የልብስ ማጠቢያው) ውስጥ ክተቺ፣ መክዋውን (ካውያውን) አምጪ እያለች። ዕቃውን በእጅሽ እየነካሽ ከተማርሽው አትረሺውም።

ቡናውንም ታሳይሽ። እኛ ስኒውን ሞልተን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው የምንለው። የነሱ ሄል የገባበት፣ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ፍንጃሉ ውስጥ ትንሽ ብቻ ነው የሚቀዳው። ሞልተሽ ከሰጠሽ እንግዳው «ጠጥተህ ሂድ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። ጀበናውን በግራ፣ ፍንጃሉን በቀኝ። እንግዳው ፍንጃሉን ወዝወዝ ካደረገ በቃኝ ማለቱ ነው፣ አትጨምሪለት።

የውልሽን ኮፒ እናትሽ ጋ አስቀምጪ። ኤምባሲያችን ሪያድ ነው፣ ጂዳ ደግሞ ቆንስላ አለ፤ ስልካቸውን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ልብስሽ ውስጥ ስፊው። ሞባይል ይሰበራል፣ ሊወስዱብሽም ይችላሉ። የእናትሽን ቁጥር ግን በቃልሽ ያዢው፣ ዛሬ ማታ ሳታዪ ደውዪላትና ሞክሪው።