ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ በዲሲና አካባቢው ለምትማሩ ትልልቅ ሰዎች

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ማዕከል መማር ለሚፈልጉ አዋቂዎች ምክር እሰጣለሁ። ደሞዜን የሚከፍለው መንግሥት ስለሆነ ለሚመጣው ሰው ነፃ ነው። ሐበሻው ግን እኛ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአጎቱን ልጅ ነው። «እስቲ ጥያቄ ወርውሩ» ብዬ ነበር፤ ወረወራችሁ። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ 12ኛን አገር ቤት ጨርሻለሁ፤ ማትሪክ ግን አልመጣልኝም። አሁን ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተና) ልጀምር ነው። ለማስጠናት 900 ዶላር ጠይቀውኛል።

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ አትክፈይ! የማትሪክ ነጥብ የሚያገለግለው አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ነው። እዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ «ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰሻል ወይ?» ነው። ከጨረስሽና ማስረጃው በእጅሽ ካለ፣ ጂኢዲ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግሽም። እኔ ራሴ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ስምንት ወር ማታ ማታ ጂኢዲ ስማር ከርሜያለሁ። የ12ኛ ወረቀቴ ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። ያስተማሩኝ ሰዎች ገንዘቤን እንጂ ወረቀቴን አልጠየቁኝም።

በቅርቡ አንዲት እናት ፌስታል ይዘው መጡ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ጠርዙ የተበላ ትራንስክሪፕት፣ ክቡ ወይን ጠጅ ማኅተም ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል። «የድሮ እኮ ነው» አሉኝ እያፈሩ። እንዲህ ያለ ወረቀት ነው እኮ የሚፈለገው! «ናሴስ» የሚባለው ማኅበር አባል ወደሆነ ገምጋሚ ድርጅት ይላካል፤ እነሱ በአሜሪካ ደረጃ ምን ያህል እንደሆነ ይጽፋሉ።

ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠቅላላ ደረጃውን ብቻ ይናገራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ይዘረዝራል፤ ኮሌጅ ተምሮ ክሬዲቱን ማዛወር ለሚፈልግ ነው። የትኛውን እንደሚቀበሉ መጀመሪያ ኮሌጁን ወይም ቀጣሪውን ጠይቂ። ውዱን ከፍሎ ርካሹ የሚበቃው ሰው ስንቱን አየሁ። 10ኛ ላይ ያቆማችሁ ግን ጉዳያችሁ ይለያል፤ ወረቀታችሁን ይዛችሁ አማካሪ አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ጂኢዲ በአማርኛ ይሰጣል?

መልስ፦ አይሰጥም። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ፈተናው አራት ነው፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ። በእያንዳንዱ ማለፊያው 145 ነው፤ አራቱን በአንድ ቀን መውሰድ አይጠበቅብህም። የቋንቋው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ድርሰትም አለው። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ሌላም መንገድ አለ፤ «ናሽናል ኤክስተርናል ዲፕሎማ ፕሮግራም» ይባላል። እንደ ጂኢዲ ተቀምጠህ የምትፈተነው ሳይሆን፣ የተለያዩ ሥራዎችን እየሠራህ ችሎታህን የምታሳይበት ነው። ሰዓት ሲቆጠርበት እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይመቻል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ቢሮ ሄጄ ምን እላለሁ?

መልስ፦ «አምሃሪክ» በይ። አንዲት ቃል ናት። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው በስልክ ይገባና በድምፅ ማጉያ ሦስታችሁም ትነጋገራላችሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ብትሆኚ ከመጠየቅ አትመለሺ። የአሥር ዓመት ልጅሽን ግን አስተርጓሚ አድርገሽ አትምጪ፤ ልጁም ይጨነቃል፣ አንቺም የልብሽን አትናገሪም።

ጥያቄ፦ ፋፍሳ (ለኮሌጅ የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ሞልቶልኝ 150 ዶላር የሚጠይቅ ሰው አለ። ተገቢ ነው?

መልስ፦ ፎርሙ ነፃ ነው፤ ስሙ ራሱ «ነፃ ማመልከቻ» ነው የሚለው። አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» የሚያልቀው ድረ ገጽ ላይ ራስህ ሙላው። ካቃተህ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ አጠገብህ ተቀምጦ ያስሞላሃል። የይለፍ ቃልህን ለማንም አትስጥ። ፔል ግራንት የሚባለው እርዳታ እንደ ብድር አይመለስም፤ በ2024–25 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ግሪን ካርድ ያለው (የዲቪ ሰውም እዚህ ይገባል)፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ሊያመለክት ይችላል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው አይችልም። ደግሞ ይቺን ልብ በል፦ አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል አያገኝም። ዲግሪውን ደብቆ መሙላት የሚመክር ዘመድ አይጠፋም፤ አትስማው፣ ኋላ መዘዝ አለው።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ፔል የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ይምጡ።

ጥያቄ፦ የትራክ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ትክክለኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከየካቲት 2022 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) የሚያወጣ ሰው መሠልጠን ያለበት በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ባለ ተቋም ነው። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የትምህርት ቤቱን ስም እዚያ ፈልገው። ከዚያ ቼክ ከመጻፍህ በፊት አሜሪካን ጆብ ሴንተር ወደሚባለው የመንግሥት የሥራ ፈላጊዎች ማዕከል ሂድ። መስፈርቱን ካሟላህ፣ ስቴቱ በሚያውቃቸው ትምህርት ቤቶች ክፍያውን ሊሸፍኑልህ ይችላሉ። ራስህ ከፍለህ ትምህርት ከጀመርክ በኋላ «መልሱልኝ» ብትል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ቅደም ተከተሉ ነው ወሳኙ።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኝ በሁለት ወር ውስጥ ከአዲስ አበባ ልነሳ ነው። ለትምህርት ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ! ዋናውን ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት በእጅ ሻንጣህ ያዝ፤ ለአየር መንገዱ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት። አንዳንድ ገምጋሚዎች ግን ከእጅህ አይቀበሉም፤ ታሽጎ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሳትነሳ ሬጅስትራር ቢሮ ሂድና አላላኩን ጠይቅ፤ ክፍያ ወይም ፊርማ የጎደለም ካለ ጨርስ። ከዚያ ለወንድምህ ወይም ለእህትህ ውክልና ስጥ፤ ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃ ለማውጣትና ለመላክ» የሚል መስመር ይግባበት። ቤትና መኪና ብቻ የሚጠቅስ ውክልና ይዘው ሬጅስትራር በር ላይ ከቆሙ ይመልሷቸዋል።