ትራሙ ቅጠል ላይ ሲንሸራተት

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የትራም ሹፌርነት እየተማርኩ ነው። የምነዳው ኮምቢኖ የሚባል የትራም ዓይነት ነው። ባለፈው ሳምንት ካፊያ ነበር። ፌርማታ ልገባ ስል ፍሬን ያዝኩ፤ ትራሙ ግን ተንሸራቶ ፌርማታውን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከሥር «ዷ ዷ ዷ» ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማንንም ሳይነካ ቆመልሽ። እኔ ትራምን የማውቀው ከሹፌር ወንበር ሳይሆን ከሥር ነው። ለዓመታት ጎማና ፍሬን ስሠራ ኖሬያለሁ።

ከድምፁ ልጀምር። ጎማው ተቆልፎ ሐዲድ ላይ ሲጎተት አንድ ጎኑ ይላጋል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። የኮምቢኖ ጎማ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ጠፍጣፋው ቦታ በየሴኮንዱ አምስት ጊዜ ሐዲዱን ይመታል። ፍጥነት ስትጨምሪ ምቱም ከተቻኮለ ነገሩ እሱ ነው። ዛሬውኑ ለጋራዡ ተናገሪ። ትራሙ ጉድጓድ ያለው ቶርኖ ላይ ይወጣና ጎማው ሳይፈታ ይላጫል። ዝም ከተባለ ግን ኩሽኔታውንም ሐዲዱንም ይጎዳል።

ያንሸራተተሽ ቅጠሉ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የረገፈ ቅጠል በጎማ ተደፍጥጦ፣ ካፊያ ሲነካው ጥቁር ልጥፍ ይሆናል። በጣቴ ነክቼው አውቃለሁ፤ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ጎማና ሐዲድ ሁለቱም ብረት ናቸው። የሚነካኩት ደግሞ የትንሽ ሳንቲም ያህል ስፋት ላይ ብቻ ነው። ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን በዚያው በ36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተሳፋሪ ሳይንገጫገጭ በ40 ሜትር ትቆሚያለሽ። ቅጠል ላይ 60 ሜትርም ላይበቃሽ ይችላል። ቡዳፔስት ያለውን 54 ሜትር የሚረዝም ኮምቢኖ አስቢው፤ ከራሱ ቁመት በላይ ይንሸራተታል ማለት ነው።

ስለዚህ ዛፍ ያለበት መንገድ ላይ ቀድመሽ፣ ቀስ አድርገሽ ያዢ። መንሸራተት ከጀመረ እጀታውን አጥብቆ መያዝ አይረዳም። ትንሽ ልቀቂው፣ ጎማው መዞር ይጀምር፣ ቁልፉን ተጭነሽ ከትራሙ የአሸዋ ሣጥን ሐዲዱ ላይ አሸዋ ጨምሪና እንደገና ያዢ። ትራሙ ራሱም ይህን ለማድረግ ይሞክራል፤ ግን አንቺን አይተካም። ሰው ፊትሽ ከገባ አታመንቺ፣ የአደጋ ፍሬኑን ሳቢ። የማግኔት ፍሬኑ ሐዲዱን ራሱ ነው የሚይዘው፣ የጎማ መቆንጠጥ አይጠብቅም። ከባትሪ ስለሚሠራ ከላይ ያለው ሽቦ መብራት ቢጠፋበትም ይይዛል። የቆመ ተሳፋሪ ሊወድቅ ይችላልና ያለ ምክንያት አትንኪው።

አሸዋውን ቆመሽ አታፍስሺ። የሞተሩ ኮረንቲ የሚመለሰው በጎማው በኩል ወደ ሐዲድ ነው፤ ጎማው አሸዋ ክምር ላይ ከቆመ መንገዱ ይዘጋል።

ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ ጓደኛሽ የአሸዋውን ቁልፍ ይጫንልሽ፣ አንቺ ወርደሽ አሸዋው ሲፈስ በዓይንሽ እዪ። የሣጥኑን መሙላት ብቻ አትመኚ። ሣጥኑ ጢም ብሎ፣ እርጥበት ገብቶበት ቱቦው ውስጥ የጓጎለ፣ አንዲት ፍሬ አሸዋ የማይወጣው ትራም ስንቴ ገጥሞኛል።