መልስ፦ በአሜሪካ ፉትቦል ኪክኦፍ (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ጊዜ ተጫዋቾቹ ለምን ቆመው ይጠብቃሉ?

ወንድሜ፣ ቴሌቪዥንህ አልተበላሸም። የአሜሪካ ፉትቦል ሊጉ ኤንኤፍኤል ከ2024 ጀምሮ ኪክኦፉን ቀይሮታል። ድሮ ሁለቱ ቡድኖች ከሩቅ ተንደርድረው ይጋጩ ስለነበር የጭንቅላት ጉዳት ያስከትል ነበር።

አሁን መቺው ብቻውን በራሱ 35 ያርድ ላይ፣ ማለትም ከራሱ ጎል መስመር 35 ያርድ ርቆ ይቀራል (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። 10ሩ ጓደኞቹ ተሻግረው በተቀባዩ ቡድን 40 ያርድ ላይ ይሰለፋሉ፤ አብዛኞቹ ተቀባዮች ደግሞ 5 ያርድ ያህል ርቀው ፊት ለፊታቸው ይቆማሉ። ኳሷ መሬት ወይም ተቀባይ እስክትነካ ንቅንቅ የለም። ኋላ ሆነው ኳሷን የሚጠብቁት፣ ቢበዛ ሁለት፣ እነሱ ብቻ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ።

ዋናው ነገር ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ነው። በጎል መስመሩና በ20 ያርድ መካከል ካረፈች ተቀባዩ ይዟት መሮጥ ግድ ነው። 20 ያርድ ሳትደርስ ከወደቀች ተቀባዩ ቡድን ጥቃቱን ከራሱ 40 ያርድ ይጀምራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ለተቀባዩ ስለሚመች ለመቺው ውርደት ነው። በአየር በቀጥታ ኤንድ ዞን (ከጎል መስመሩ ኋላ ያለው ክልል) ገብታ እዚያው ከቀረች በ2024 ከ30 ነበር የሚጀመረው። ይህ ቅጣት ስላነሰ ብዙዎች ሆን ብለው አርቀው ይመቱ ነበር፤ በ2025 ወደ 35 ከፍ ተደረገ። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ነጥራ ኤንድ ዞን ከገባችና ተቀባዩ እዚያው ካስቀራት ግን ከ20 ብቻ ነው። አንዳንድ መቺዎች ዝቅ አድርገው፣ እንድትንከባለል የሚመቱት ለዚህ ነው። ሲያዩት አያምርም እንጂ ብልሃት ነው።