«ከፍተኛ አደጋ» ብቻ እያጣሩ መሥራት ለምን አይበቃም?

ጠያቂያችን የሲስተማቸውን የፓኬጅ (ከሌሎች ተወስዶ የሚገባ የኮድ ጥቅል) ዝርዝር፣ ማለትም ኤስቦሙን፣ ወደ ሠንጠረዥ አውጥተው ሺዎች ረድፍ ታቅፈዋል። «በአደጋ ደረጃው ዓምድ ‹ከፍተኛ› የሚለውን አጣርቼ ነው የምሠራው፤ ግን አንድ ነገር እያመለጠኝ ይመስለኛል። የትኞቹን ቪዎች (የተጣሩ ዕይታዎች) ላስቀምጥ?» ይላሉ።

ያ ቪው ይኑርዎት፤ ግን መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን አይሁን። በዚያ ዓምድ ደረጃ የሚሞላው አንድ ሰው ችግሩን ካገኘና ካሳወቀ በኋላ ነው። ኤክስዚ በተባለው የፋይል ማጨመቂያ ፓኬጅ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የተደበቀው የጥቃት ኮድ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም በእርስዎ ፊልተር ንጹሕ ነበሩ። የተገኘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከርቀት የሚገባበት መንገድ) መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አልዋጥለት ስላለ ነው።

እኔ ቀድሜ የምከፍተው የለውጥ ቪው ነው። ያለፈውን ሪሊዝ የሎክ ፋይል (የተጫኑ ፓኬጆችን ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበውን) ከዛሬው ጋር ያነጻጽሩና አዲስ የገባውን ወይም ቨርዥኑ የተቀየረውን ብቻ ያስቀሩ። በ2018 ኢቨንት-ስትሪም የተባለውን ፓኬጅ የተረከበ አዲስ ሜንቴነር (ፓኬጁን የሚያስተዳድር ሰው) ፍላትማፕ-ስትሪም የሚባል ፓኬጅ ጨመረበት፤ የኮፔይን የቢትኮይን ዋሌት ያነጣጠረው ኮድ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነበር። በለውጥ ቪው ይህ አንድ አዲስ ረድፍ ሆኖ ይታያል፣ ምንም የአደጋ ምልክት ሳይኖርበት። ስለዚህ ከጎኑ «ማን አመጣው?» የሚል ዓምድ ይጨምሩ፤ በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛ) ከሆነ ኤክስፕሌይን የሚለው ትእዛዝ ይነግርዎታል።

ቀጥሎ ሲጫኑ ኮድ የሚያስኬዱትን ይለዩ። የኤንፒኤም ሎክ ፋይል ከቨርዥን 2 ጀምሮ «ሃዝ-ኢንስቶል-ስክሪፕት» የሚል ምልክት ይይዛል። በእሱ ሲያጣሩ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ በቂ ምክንያት አላቸው፤ ለማሽኑ የሚስማማ ፋይል ያወርዳሉ ወይም ኮምፓይል ያደርጋሉ። የሚያስጠረጥረው ትናንት ምልክቱ ያልነበረው፣ ዛሬ ግን ያለው ነው። በኦክቶበር 2021 የዩኤ-ፓርሰር-ጄኤስ ፓኬጅ ባለቤት አካውንት ሲጠለፍ የወጡት 0.7.29፣ 0.8.0 እና 1.0.0 ቨርዥኖች እንዲህ ያለ ስክሪፕት ይዘው ነው የመጡት።

ፊልተር የሚደብቀውንም ይወቁ። «ከ2022 በፊት የወጡ» ብለው በቀን ሲያጣሩ ቀኑ ባዶ የሆነ ረድፍ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። ቨርዥኑ፣ ምንጩ ወይም ሃሹ (የፋይሉ መለያ አሻራ) ባዶ የሆነውን ብቻ የሚያሳይ ቪው ለብቻው ይሥሩ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፓኬጅ የሚገኘው እዚያ ነው። «ቀጥተኛ ዲፔንደንሲ ብቻ» የሚለውን፣ ማለትም እርስዎ በቀጥታ ያስገቡትን ፓኬጅ ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ደግሞ ያጥፉት። በዲሴምበር 2021 ከባድ ክፍተት የተገኘበትን ሎግፎርጄ የተባለ የጃቫ ፓኬጅ ፍለጋ ሲሯሯጥ የነበረው ብዙ ሰው የተቸገረው ፓኬጁ በሌላ ፓኬጅ ጀርባ ታዝሎ ስለገባ ነው። በስም ብቻ መፈለግም ያሳስታል፦ «ሎግፎርጄ» ብለው ሲያጣሩ ኤፒአይ እና ኮር የሚባሉት ሁለቱም ክፍሎቹ ይወጣሉ፤ ሎግፎርሼል የተባለው ክፍተት ያለው ግን በኮሩ ውስጥ ነው። ሌላ ጃር (የጃቫ ኮድ የታሸገበት ፋይል) ውስጥ የታሸገው ደግሞ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

የዴቭ ዲፔንደንሲዎችን (ለግንባታና ለሙከራ ብቻ የሚያገለግሉ ፓኬጆችን) መደበቅ ብዙዎች ይወዳሉ፤ እኔ አልስማማም። የሚሠሩት በቢልድ ማሽኑ (ሶፍትዌሩ በሚገነባበት ኮምፒውተር) ላይ ነው፣ የይለፍ ቁልፎችዎ ያሉትም እዚያው።

አሁን ወደ «ከፍተኛ» ይመለሱ። የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ በተግባር ጥቃት የተፈጸመባቸውን ተጋላጭነቶች ዝርዝር ያወጣል፤ ረድፎችዎን ከእሱ ጋር አገናኝተው የሁለቱንም መስፈርት ያሟላውን ቀድመው ይጠግኑ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በለውጥ ቪውም ቢሆን ኤክስዚ የሚታየው እንደ ተራ የቨርዥን ለውጥ ነበር። ጥቃቱን የሚያስነሳው ፋይል በሪሊዙ ታርቦል (ለማውረድ በታሸገው ፋይል) ውስጥ እንጂ በጊት ሪፖዚቶሪው (ኮዱ በግልጽ በሚቀመጥበት ማከማቻ) ውስጥ አልነበረምና፣ ለዋና ዋናዎቹ ፓኬጆች ሁለቱን የሚያነጻጽር ዓምድ ቢኖር አይከፋም።

ሠንጠረዡን ከሌሎች ጋር የሚጋሩ ከሆነ ተራ ፊልተር ሳይሆን የተቀመጠ ቪው ይጠቀሙ፤ አለዚያ እርስዎ የደበቁት ረድፍ ከባልደረባዎም ይደበቃል። በየቪው ስንት ረድፍ እንደወጣ ይመዝግቡ። ቁጥሩ ድንገት ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤክስፖርቱ ነው።