ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስንት ላስከፍል?

ጥያቄ፦ በቤቴ 3 ልጆች እጠብቃለሁ። ከትምህርት ቤት ወጥተው ወላጆቻቸው እስኪመጡ በቀን 3 ሰዓት እኔ ጋ ይቆያሉ። የሚከፈለኝ በወር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ከጠዋት ጀምሮ 9 ሰዓት ይውላሉ፤ ክፍያው ያው ነው። አንዷ እናት ደግሞ በእረፍት ልጇን ይዛ ትሄድና የዚያን ጊዜ አትከፍልም። አሁን ውል ላድስ ነው። እንዴት ልተምን? ከወላጆቹ አንዷ ወዳጄ ስለሆነች ለሷ ዋጋ መጨመር ያሳፍረኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የያዝሽው ሁለት ሥራ ነው። ከትምህርት በኋላ ልጅ ተቀብሎ ማቆየት አንድ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ማዋል፣ ማብላት፣ እንዳይሰለቹ ማጫወት ሌላ ነው። እስካሁን ሁለተኛውን ሥራ በመጀመሪያው ዋጋ ስትሠሪ ኖረሻል።

እስቲ በሰዓት እናስላው። ትምህርት በዓመት 38 ሳምንት አለ እንበል። ከቀሪው 14 ሳምንት 4ቱን አንቺ ብታርፊ፣ 10 ሳምንት ቀኑን ሙሉ ትሠሪያለሽ። በትምህርት ወቅት በሳምንት 15 ሰዓት፣ በ38 ሳምንት 570 ሰዓት። በእረፍት ደግሞ በሳምንት 45 ሰዓት፣ በ10 ሳምንት 450 ሰዓት። በድምሩ 1,020 ሰዓት ነው። ወርሃዊ ክፍያሽ ግን የተተመነው በሳምንት 15 ሰዓት ታስቦ ነው፤ በ48 የሥራ ሳምንት 720 ሰዓት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 300 ሰዓት በነፃ ሰጥተሻል። ይህን ሳሰላ እኔም ደነገጥኩ። ያንቺን አካባቢ የትምህርት ካላንደር አውጪና በራስሽ ቁጥር ድገሚው።

ስለዚህ ሁለት ዋጋ አውጪ። ለትምህርት ወቅቱ በሰዓት ሲሰላ ከፍ ያለ ይሁን። 3 ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቀንሽን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ ሌላ የሙሉ ቀን ሥራም እንዳትይዢ ያደርግሻል። ለእረፍቱ የቀን ዋጋ አውጪ። በሰዓት ሲታይ ትንሽ ዝቅ ቢል አይጎዳሽም፣ ምግቡንና የመጫወቻ ወጪውን ግን አትርሺ። ለሽርሽር የምታወጪው ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል። የግማሽ ቀን ዋጋም ይኑርሽ፤ ያለዚያ «ለ2 ሰዓት ብቻ» የሚል ይመጣና ቀኑ ያልቃል።

ወላጆች በየወሩ የሚለዋወጥ ክፍያ አይመቻቸውም። የዓመቱን የትምህርት ወቅትና የእረፍት ክፍያ ደምረሽ ለ12 አካፍይው፤ በየወሩ እኩል ይከፍላሉ፣ አንቺም የወር ገቢሽን ታውቂያለሽ። እዚህ ላይ ግን አደራ። አንድ ቤተሰብ ከረጅሙ እረፍት በፊት ጀምሮ፣ እረፍቱ ሲያልቅ ቢለቅ፣ የሠራሽው ከተከፈለሽ ይበልጣል። «አንዱ ወገን ውሉን ሲያቋርጥ ሒሳቡ በተሠራው ሰዓት ይወራረዳል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ ይግባ። የማስጠንቀቂያ ጊዜውም እንዲሁ።

ልጇን ይዛ የምትሄደውን እናት በተመለከተ፣ መጀመሪያ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። በዚያ ሰሞን ቦታውን ለሌላ ልጅ መስጠት ትችያለሽ? ከቻልሽ አታስከፍያት። ልጇ እንደሚመለስ አስበሽ ቦታውን ባዶ የምታቆይ ከሆነ ግን የቦታ መያዣ ተገቢ ነው። ግማሽ ክፍያ ለሁለታችሁም የሚያግባባ መነሻ ይመስለኛል። አንቺ ራስሽ በምታርፊባቸው 4 ሳምንታት ግን ከማንም አትጠይቂ፤ ቀኖቹንም ቀደም ብለሽ አሳውቂ።

የእረፍት ቀናት ምዝገባ ከ6 ሳምንት በፊት በጽሑፍ ይድረስሽ። የተመዘገበ ቀን ልጁ ባይመጣም ይከፈላል። የራስሽ ልጆች ካሉም በእረፍት ቤት ይውላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ እንድትይዢ የሚፈቀድልሽን የልጆች ቁጥር አጣሪ።

ወደ ወዳጅሽ ልምጣ። ልጅ የሚጠብቁ ሰዎች ስለ ገንዘብ ማውራት ያሳፍራቸዋል፤ ልጁን ስለሚወዱት ፍቅርን የሚሸጡ ይመስላቸዋል። የምታስከፍዪው ግን ጊዜሽንና ኃላፊነትሽን ነው። ከማደሱ አንድ ወር በፊት ልጆቹ በሌሉበት አግኛትና ወረቀቱን አሳያት። «እስካሁን በእረፍት የሠራሁትን አስልቼው አላውቅም ነበር፣ አሁን አሰላሁት» በያት። ይቅርታ አትጠይቂ። ልትቀንሺላት ከፈለግሽም ሙሉ ዋጋውን ጻፊ፣ ከሥሩ ቅናሹንና እስከ መቼ እንደሚቆይ አስፍሪ። እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ሲታደስ ከየትኛው ዋጋ እንደምትነሱ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።